ረግረጉን ከማድረቃችን በፊት

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ከጨሞጋ ወንዝ ዳር ጀምሮ ወደ ላይ እስከ ጮቄ ተራራ ትከሻ ድረስ፣ ክረምት በገባ ቍጥር ውሃ የሚተኛበት፣ አንዳንዱም በጋውን ሙሉ የማይጠነፍፍ መሬት ብዙ ነው፤ ገበሬው በሬው ስለሚሰምጥበት ያማርረዋል፣ መንገደኛው ዞሮ ያልፈዋል፣ የልማት ሠራተኛውም ቦይ ተቀዶለት ውሃው የሚወጣበትን ቀን ያስባል፤ ጥቁሩ ጭቃ በተነካ ጊዜ ከሥሩ የሚወጣው የበሰበሰ እንቍላል ሽታም መሬቱ የሞተ ወይም የታመመ መሆኑን የሚመሰክር ስለሚመስል፣ ለእንዲህ ያለው ቦታ ጠበቃ ሆኖ የሚቆም ሰው ብዙ አይገኝም። እኔ ግን ዛሬ ለዚህ ጭቃ ልከራከርለት እወዳለሁ፤ ለክርክሬም መነሻ የሚሆነኝ፣ የተፈጥሮ ሊቃውንት ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ እንዲህ ባለው የሚሸት ጭቃ ውስጥ ያገኙት፣ ቀድሞ ማንም ያልጠረጠረው ነገር ነው፤ ይኸውም በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች የኤሌክትሪክን ኃይል በገዛ አካላቸው ተሸክመው፣ ለእነርሱ መጠን እጅግ ረዥም በሆነ ርቀት ከታች ወደ ላይ እያስተላለፉ የሚኖሩ መሆናቸው ነው።

ነገሩ የተገለጠው በዴንማርክ አገር፣ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ላርስ ፒተር ኒልሰን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከከተማዪቱ የባሕር ወሽመጥ ወለል ጥቁር ጭቃ አውጥተው በብርጭቆ ዕቃ አኖሩና፣ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው የድኝ ጋዝ በየትኛው ጥልቀት ምን ያህል እንደሚገኝ በጣም ቀጭን በሆነ መለኪያ ይመረምሩ ጀመር። እስከዚያ ዘመን ድረስ በታወቀው ትምህርት መሠረት፣ ኦክሲጅን ከውሃው ወደ ጭቃው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ገብቶ ያልቃል፣ ሽታውን የሚሰጠው የድኝ ጋዝም ከሥር እየሰረገ ይወጣና ሁለቱ በሚገናኙበት ወሰን ላይ ተዋሕደው ይጠፋሉ፤ በኦርሁስ ዕቃ ውስጥ የታየው ግን፣ ኦክሲጅኑ ከላይ፣ ሰልፋይዱም ከታች ሆነው በመካከላቸው ከአንድ ሴንቲሜትር የሚበልጥ፣ ሁለቱም የማይገኙበት ባዶ ንብርብር መኖሩ ነበር፤ ሳይገናኙ ግን አንዱ በሌላው ምክንያት ይጠፋ ነበር። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ከላይ ያለውን ኦክሲጅን ከውሃው ባስወገዱ ጊዜ፣ በታችኛው ጥልቀት ያለው የሰልፋይድ መጠን ሳይዘገይ መለወጡ ነው፤ ማናቸውም ንጥረ ነገር በጭቃው መካከል እየሰረገ ያን መንገድ ለመሄድ ከሚፈጅበት ጊዜ እጅግ ባነሰ ጊዜ፣ በላይ የሆነው ነገር በታች ይታወቅ ነበር። እንዲህ ፈጥኖ ሊሄድ የሚችል ኤሌክትሪክ ብቻ መሆኑን ኒልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ገለጡ።

ኤሌክትሪኩ በምን እንደሚሄድ ግን ገና አልታወቀም ነበርና፣ ነገሩ ከሁለት ዓመት ፍለጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ተፈታ። ጭቃውን በጥንቃቄ እያጠቡ በአጉሊ መነጽር ቢያዩት፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ፈትሎች ከላይ እስከ ታች ቆመው ተገኙ፤ እያንዳንዱ ፈትልም በሺህ የሚቈጠሩ ሕዋሳት ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው የሠሩት አንድ ባለ ብዙ ሕዋስ ባክቴሪያ ነበር። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልረኩም፤ ተንግስተን ከሚባለው ብረት የተሠራ እጅግ ቀጭን ሽቦ ወስደው በጭቃው ውስጥ አግድም ሳቡና ፈትሎቹን ቈረጡአቸው፤ በዚያችው ሰዓት የኤሌክትሪኩ ሥራ ተቋረጠ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህን ቦታ ነው፤ ያን ያህል የረቀቀ ነገር፣ ያን ያህል ቀላል በሆነ ዘዴ፣ ሐሰትና እውነቱ ተለይቶ የሚታወቅበትን ጥያቄ ማቅረብ የእውነተኛ ምርምር ሁሉ ምልክት ነውና።

የዚህ ፍጡር አካል አሠራር ራሱ ዕፁብ ነው። የአንዱ ሕዋስ ርዝመት ጥቂት ማይክሮሜትር ሲሆን ፈትሉ ግን ሴንቲሜትሮችን ያህል ይረዝማል፤ በሕዋሳቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጡ የሚሄዱ ሸንተረሮች አሉ፣ በየሸንተረሩም ሥር ውፍረቱ ወደ 50 ናኖሜትር የሚሆን ጭረት ተዘርግቶአል፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚሁ ጭረት ነው። በቤልጅግ አገር በአንትወርፐን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ፊሊፕ መይስማንና ባልደረቦቹ አንዲት ፈትል ነጥለው በሁለት የኤሌክትሪክ ማገናኛዎች መካከል በመዘርጋት፣ ከ10 ሚሊሜትር በላይ በሆነ ርቀት ኤሌክትሪክ እንዳለፈባት እ.ኤ.አ. በ2019 አስታወቁ፤ ከዚያም በኋላ በዚህ የፕሮቲን ጭረት ውስጥ ኒኬል የተባለው ማዕድን እንዳለበት ተገኘ። የሕይወቱም ሥርዓት እንዲህ ነው፤ በታችኛው ጫፍ ያሉት ሕዋሳት ከሰልፋይዱ ላይ ኤሌክትሮን ይወስዳሉ፣ በላይኛው ጫፍ ያሉት ጥቂቶች ኤሌክትሮኑን ለኦክሲጅን ያስረክባሉ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የወጣ የደብር ሕዝብ ከወንዙ እስከ ቅጽሩ ተሰልፎ ድንጋዩን እጅ በእጅ እንደሚያቀብል፣ በመካከል ያሉት ሕዋሳት ሁሉ የተቀበሉትን ያቀብላሉ፤ ስለዚህ ከታች ያሉት ለሁሉ ይመገባሉ፣ ከላይ ያሉት ለሁሉ ይተነፍሳሉ። በአንዲት ካሬ ሴንቲሜትር የባሕር ጭቃ ሥር የተገኘው የፈትሎቹ ርዝመት ተደምሮ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነበት ጊዜ አለ።

አባቶቻችን መምህራን ነገረ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ ግዙፉ ዓለም ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬትና ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ መሆኑንና፣ እነዚህም ጠባያቸው እርስ በርሱ የሚቃረን ሲሆን በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው በአንድነት የሚኖሩ መሆናቸውን ይተረጕማሉ። የዛሬው የኬሚስትሪ ትምህርት ንጥረ ነገሮችን በሌላ ሥርዓት ይቈጥራል፤ ሆኖም በአንዲት እፍኝ ጭቃ ውስጥ፣ ከላይ ነፋሱ ከታች ድኙ ተለያይተው ሳሉ፣ የማይታየው የኤሌክትሪክ እሳት በውሃና በመሬት መካከል አልፎ ሲያስታርቃቸው ላየ ሰው፣ የዚያ ትርጓሜ ትዝታ ወደ ኅሊናው ቢመጣ አያስወቅሰውም።

ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው ፍጡር ይህ ብቻ አይደለም። ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1987 ዴሬክ ላቭሊ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ከሚያልፈው ከፖቶማክ ወንዝ ጭቃ፣ ኦክሲጅን በሌለበት ቦታ የብረትን ዝገት እንደ አየር የሚጠቀም ባክቴሪያ አወጣ፤ ጂኦባክተር ተባለ። ዝገት ደረቅ ነገር ስለ ሆነ ወደ ሕዋሱ ሊገባ አይችልምና፣ ባክቴሪያው ኤሌክትሮኑን ወደ ውጭ አውጥቶ ከዝገቱ ላይ የሚያኖርበት፣ ከራሱ የሚወጣ እጅግ የረቀቀ ሽቦ አለው። ይህ ሽቦ ከምን እንደ ተሠራ ብዙ ከተከራከሩበት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ምርመራ፣ ሳይቶክሮም የተባሉ ፕሮቲኖች ተደርድረው የሠሩት መሆኑ፣ በውስጡም ደማችንን ቀይ የሚያደርገው፣ ብረትን የያዘው ሄም ከዳር እስከ ዳር በተርታ የተሰካበት መሆኑ ታየ። የጂኦባክተር ሽቦ የሚደርስበት ርቀት ከኦርሁሱ ፈትል ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነው፤ ለእኛ አገር ግን ነገሩ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው፣ ጥንት በእሳተ ገሞራ ከፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ በብዙ ዘመን መፈራረስ ከተገኘው የብረት ዝገት ነው፤ እንዲህ ያለው አፈር ውሃ ተኝቶበት ሲከርም ቀይነቱ ጠፍቶ ወደ ግራጫነት የሚለወጠው፣ ብረት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ዝገቱን እያሟሙ ስለሚጨርሱት ነው፤ የሟሟው ብረት ከውሃው ጋር ወጥቶ በምንጭ ዳር አየር ሲያገኘው እንደገና ይዝጋል፣ እረኞች በየምንጩ አፍ የሚያዩት ቀላ ያለ ዝቃጭም ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አስፈላጊ ነው። የዚህ ዐይነት ወሬ በተሰማ ቍጥር፣ ጭቃ መንደርን ያበራል፣ ረግረግ ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል የሚሉ ተስፋዎች ፈጥነው ይነዛሉ። እውነቱ ይህ አይደለም። ከረግረግ ጭቃ በባክቴሪያዎች አማካይነት የሚገኘው ኃይል ለአንድ ካሬ ሜትር በሚሊዋት የሚቈጠር ነው፤ ከሰው ርቆ በውሃ ውስጥ የተቀመጠን ትንሽ መለኪያ ለማንቀሳቀስ ይበቃ ይሆናል፣ ከዚያ የሚያልፍ ተስፋ ግን ገና አልታየበትም። ለመብራትና ለወፍጮ የሚያስፈልገንን ኃይል፣ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የዓባይ ግድብና ሌሎቹ ጣቢያዎች ይስጡን፤ ከጭቃው ባክቴሪያ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፣ እርሱም ጭቃው ለእርሻችንና ለውሃችን የሚሠራው ሥራ ነው።

ይህን ለመረዳት ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ ማሰብ ይገባል። በዚያ ክረምት ሙሉ ውሃ በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ ቀድሞ ከከብት ግጦሽ፣ ከጤፍና ከጓያ በቀር ብዙ ነገር አይታሰብም ነበር፤ ዛሬ ግን በአገራችን ሩዝ በብዛት ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በወረታ ከተማም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል ቆሞአል። ሩዝ በተኛ ውሃ ውስጥ ሲበቅል፣ ከሥሩ ባለው አየር አልባ ጭቃ ሚቴን የሚያመነጩ ረቂቃን ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ሚቴንም የምድርን ሙቀት ከሚጨምሩት ኃይለኛ ጋዞች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የዴንማርክና የጀርመን ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ፣ ሩዝ በተተከለባቸው ማሰሮዎች ውስጥ ባለ ፈትል ባክቴሪያዎችን ቢጨምሩባቸው፣ ከአፈሩ የሚወጣው ሚቴን በ93 በመቶ ቀነሰ። ምክንያቱ ጥልቅ ቢሆንም ሊገባ የሚችል ነው፤ ፈትሎቹ ሰልፋይዱን ወደ ሰልፌትነት ይመልሱታል፤ በሰልፌት የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችም በዚህ ምክንያት ይበረታሉ፣ ሚቴን አመንጪዎቹ የሚመገቡትንም ምግብ ቀድመው ይበሉባቸዋል። በማሰሮ የተገኘው ውጤት በማሳ ላይ ያው ይሆናል ማለት አይደለም፤ የፎገራ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ነገር ግን የማሰሮው ሙከራ ውድ ዕቃ የማይጠይቅ፣ በወረታም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ክፍል ሊደገም የሚችል ነው፤ የውጭ አገር ሰው መጥቶ እስኪያደርግልን መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ አይታየኝም።

ጣናም ራሱ ከዚህ ነገር የራቀ አይደለም። ከሐይቁ ዙሪያ በእርሻ ማሳዎች ላይ የሚፈስሰው ማዳበሪያና የተሸረሸረ አፈር ፎስፎረስን ወደ ውሃው ያወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው የእምቦጭ አረምም ያለ መጠን የተስፋፋው በዚህ ምግብ እየወፈረ ነው። በሆላንድ አገር ግሬቨሊንገን በሚባል ሐይቅ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ምርምር፣ ባለ ፈትል ባክቴሪያዎች ከታች ያለውን የብረትና የድኝ ውሕድ አሟምተው ብረቱን ወደ ጭቃው ገጽ እንዲወጣ እንደሚያደርጉት፣ በዚያም ከኦክሲጅን ጋር ተገናኝቶ የዝገት ሽፋን እንደሚሆን አሳይቶአል፤ ይህ ሽፋን ፎስፎረስን አጥብቆ ይይዛል፣ መርዘኛው የድኝ ጋዝም ወደ ውሃው እንዳይወጣ ያግደዋል። በጣና ዳርቻ ባሉት ረግረጎች ጭቃ ይህ የብረት ሽፋን ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፣ በየትኛው ወር ተሠርቶ በየትኛው ወር እንደሚፈርስ መለካት፣ በየዓመቱ እምቦጭን በእጅና በመኪና ለማውጣት ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከነቀላው ሥራ ጐን ለጐን ዛሬውኑ መጀመር ነበረበት።

ወደ ጮቄና ወደ ጨሞጋ ልመለስና የምቃወመውን በግልጥ ልናገር። በዋልካ ማሳ ላይ ሰፋፊ መደብ እያነሡ ውሃውን በቦይ ማስወጣትን አልቃወምም፤ እንዲያውም ገበሬው ቀደም ብሎ እንዲዘራ ስለሚያስችለው የሚመሰገን ዘዴ ነው። መሬት የጠበበበት፣ ለልጁ የሚያወርሰው ጥማድ የሌለው አባወራም በረግረጉ ዳር አንዲት ማሳ ቢመኝ ክፉ ሰው አይደለም። የምቃወመው፣ ከዘመን ወደ ዘመን ውሃ ያልተለየውን፣ የምንጮች ራስ የሆነውን ረግረግ እንደ ጠፍ መሬት ቈጥሮ፣ በአንድ ስብሰባ ውሳኔ ቦይ መቅደድና ከዳር እስከ ዳር ባሕር ዛፍ መትከልን ነው። ባሕር ዛፍ ለጎጃም ገበሬ የቤት ማገርና የጥሬ ገንዘብ ምንጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቦታው ግን የምንጭ አፍ አይደለም። ረግረግ ሲደርቅ አየር ወደ ጭቃው ጥልቅ ይገባል፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይበሰብስ ተከማችቶ የኖረው የሣርና የሥር ቅሪት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቃጥሎ ወደ ሰማይ ይተንናል፤ በኦክሲጅንና በሰልፋይድ፣ በብረትና በፎስፎረስ መካከል የነበረው የንብርብር ሥርዓትም ይፈርሳል፤ ያ ሥርዓት የቆመው ከላይ ያለውና ከታች ያለው ተለያይተው በመኖራቸው ነበርና። ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ቢመለስ እንኳ ቅሪቱ ወዲያው አይመለስም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ብዙ የዓባይ ገባሮች የሚመነጩበት ተራራ መሆኑን የማያነሣ ባለሥልጣን የለም፤ በጅባራውና በጓሳው መካከል ያለው እርጥብ መሬት ያን ውሃ አጣርቶና አቆይቶ የሚሰጠው መሆኑ ግን ከንግግሩ በኋላ ይረሳል፤ ገብሱና ድንቹም በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል።

ይህ አገር ለረዥም ትምህርት የሚበቃ ትዕግሥት አጥቶ አያውቅም። በደብረ ኤልያስና በዲማ ጉባኤያት ተማሪው በቆሎ ተማሪነት እየተንከራተተ፣ ከአንድ መምህር ወደ ሌላው መምህር እየሄደ፣ አንዱን የዕውቀት ዘርፍ ለመጨረስ ዓመታትን ይሰጥ እንደ ነበር የማያውቅ ጎጃሜ የለም፤ ያን ትጋት ወደ አፈርና ወደ ውሃ ምርመራ ማዞር የሚያቅተን አይመስለኝም። ለመጀመርም የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በመምህር እጅ ተፈልቅቆ በመካከሉ ያለው የከሰል ዘንግ ወጥቶ ከታጠበ በኋላ፣ አንዱ ዘንግ በሽቦ ታስሮ ከጥቁሩ ጭቃ ሥር ቢቀበር፣ ሁለተኛው ከጭቃው በላይ ባለው ውሃ ውስጥ ቢንጠለጠል፣ ሁለቱ ሽቦዎችም ሠራተኞች ቴስተር ከሚሉት መለኪያ ጋር ቢገናኙ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሚሊቮልት የሚቈጠር ኃይል እየጨመረ ሲሄድ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ የሚጠይቁትን ጥያቄ ማቆም የሚችል መምህር ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ለምሥራቅ ጎጃም የትምህርትና የግብርና መሥሪያ ቤቶች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በጨሞጋ ዳርና በጮቄ ግርጌ ባሉ ወረዳዎች የሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ ረግረግ ይረከቡ፤ ከመስከረም እስከ ግንቦት በየወሩ የውሃውን ከፍታ፣ የጭቃውን ቀለምና ሽታ በየጥልቀቱ፣ በከሰል ዘንጎቹ መካከል ያለውን ሚሊቮልትም በአንድ መዝገብ ይጻፉ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም መዝገቦቹን ሰብስቦ፣ ከየቦታው በጠርሙስ የተወሰደውን ጭቃ በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ ፈትሎቹ የተገኙበትን ቦታ በካርታ ላይ ምልክት ያድርግበት። አንድ ረግረግ እንዲደርቅ ጥያቄ ለወረዳ በቀረበ ጊዜ ደግሞ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት መዝገቡ ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ሳይቀርብና ሳይነበብ፣ ማንም ኃላፊ ፊርማውን አያኑርበት።